የዕድሩ ፒክአፕ ለምን ታጨሳለች

አንድ ስሙ ከጋራዡ አልፎ ሰፈሩን ያዳረሰ መካኒክ ነበር። አምደወርቅ ይባላል፤ ሰፈርተኛው ግን ጋሽ አምዴ ይለዋል። መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት፣ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሞተሩን ያዳምጥና «ሦስተኛው ኖዝል ያንጠባጥባል» ይላል። ተፈትቶ ሲታይ እውነትም ሦስተኛው ነው። ከዚህ የተነሳ ሰው አንድ ነገር ለምዶ ነበር፤ ጋሽ አምዴ ካለ፣ አለቀ።

የሰፈሩ ዕድር አንዲት ያረጀች ፒክአፕ አለችው። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ትልልቁን ድስት የምታመላልሰው እሷ ናት። የሟችን አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደውም እሷው ናት። ያን ቀን በሰው እርምጃ ከፊት ታዘግማለች፣ ለቀስተኛው ከኋላዋ ይከተላል። ከኋላዋ መከተል ማለት ደግሞ ፊትን ለጭስ ማውጫዋ ሰጥቶ መሄድ ማለት ነው።

ባለፈው በጋ ይቺ መኪና ማጨስ አመጣች። መጀመሪያ ዳገት ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ሜዳውም ላይ ሆነ። በመጨረሻ በአንድ ጡረተኛ አስተማሪ ቀብር ላይ እንደ ከሰል ክምር ጥቁር ጭስ ለቀቀችው፤ የሰው ነጠላ ጠቆረ፣ ቄሱም ሳል ይዟቸው ጸሎታቸውን አቋረጡ። ከኋላ አንዱ ቀልደኛ «ይቺ መኪና እያለች አልቃሽ መጥራት ምን ያደርጋል፣ እንባውን በነጻ ታስወጣው የለ» አለ። አጠገቡ ያሉት ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። የሟች ልጅ ግን ሰምታዋለች። ዞር ብላ አየችውና መንገዷን ቀጠለች።

በዚያው ሰሞን ፒክአፗ ለዓመታዊ ምርመራ ቀርባ ወደቀች። መርማሪዎቹ ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ከትተው ሲለኩት ጭሷ ከሚፈቀደው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሦስት ሳምንት ተሰጣት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተስተካከለች መንገድ ላይ አትወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የናፍጣ ሞተር የውስጡን ሕመም በጭሱ ቀለም ይናገራል። ሰማያዊ ካጨሰ የሞተር ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ካጨሰ ነዳጁ ሳይቃጠል እያለፈ ነው፣ ወይም ውኃ ገብቶበታል። ጥቁር ካጨሰ ግን ወይ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ወይ አየር አንሶታል፤ ማዕድ ቀርቦለት ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ማለት ነው። ይህንን ጋሽ አምዴ ከማንም በላይ ያውቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈትቶ አጠበ፣ አስለካ፣ መልሶ ገጠመ። አጨሰች። በሁለተኛው ሳምንት ከሚወጣው ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቫልቭ አወረደ። ይህ ቫልቭ የተሠራው አየሩ እንዳይበከል ነው፤ ጥላሸት ይዞት ክፍት ከቀረ ግን ሞተሩን የገዛ ጭሱን ያስተነፍሰዋል። ጋሽ አምዴ ጥላሸቱን በካቻቢቴ ፍቆ፣ በናፍጣ አጥቦ፣ እንደ አዲስ እስኪንቀሳቀስ ድረስ አጸዳው። በዚህስ ተገላገልኩ አለ። አሁንም አጨሰች።

በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ የዕድሩ ዳኛ አቶ ቀፀላ ጋራዡ ድረስ መጡ። በሥራ ላይ የነበሩት ሁሉ እየሰሙ «በል እንግዲህ አምዴ» አሉት፤ «እሑድ ጉባኤ አለብኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? አቃተው ልበል?»

«አቃተው» የሚለው ቃል ጋሽ አምዴን እንደ ጋለ ብረት ነካው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የእኔ ሥራ አልቋል» አለ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው። የምትጠጣውን ተመልከቱ።»

«ነዳጁን ማለትህ ነው?»

«እንግዲህ ሌላ ምን ትጠጣለች?»

አቶ ቀፀላ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። ነዳጅ የሚቀዳው ሰው አንድ ነው፤ ሾፌሩ ድንበሩ። ድንበሩ አሥራ ሁለት ዓመት ያቺን ፒክአፕ የነዳ፣ ትንሽ የሚናገር ብዙ የሚሰማ ሰው ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ድንበሩ ናፍጣውን እየሸጠ በምትኩ የነዳጅ ጋኗን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሞላል ተባለ። እሑድ ጉዳዩ ጉባኤ ላይ ሊቀርብ፣ ድንበሩም ሊባረር ተወሰነ። መባረሩስ ባልከፋ፤ ሰው ሥራ ያጣል፣ ሥራ ያገኛል። ነገር ግን ከዕድር የሰረቀ ከሙታን እንደሰረቀ ነው የሚቆጠረው። በዚህ ስም የወጣን ሰው ማን መሪ ያስጨብጠዋል? ማንስ በቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ያጫውተዋል?

በማግስቱ ድንበሩ ብርሃን የሚያሳልፍ የውኃ ጠርሙስ ይዞ ጋራዡ መጣ። ውስጡ ናፍጣ ነው።

«ጋሼ፣ አሁን ከጋኑ የቀዳሁት ነው። ይዩት። ያሽትቱት።»

ጋሽ አምዴ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። ናፍጣው እንደ ማር ጠጅ ጠርቶ ማዶውን ያሳያል። የተቃጠለ ዘይት ጠብታ እንኳ ቢነካው ይጠቁር ነበር። ይህንን ለማወቅ ጋሽ አምዴ መሆን አያስፈልግም።

«አንድ ጠርሙስ ምን ይናገራል» አለና መለሰለት። «ትናንት የነበረውን ማን አየ?»

ድንበሩ ጠርሙሱን ተቀበለ። «እርስዎ አንድ ቃል ቢሉ ያልቅ ነበር» አለ። ከዚያ ሄደ። ጋሽ አምዴ ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ለምን እንዳልበላ ግን ራሱን አልጠየቀም።

ዓርብ ዕለት ፒክአፗን ይዘው እንደገና ወደ ምርመራ ሄዱ። ድንበሩ ይነዳል፣ ጋሽ አምዴ አጠገቡ ተቀምጧል። መንገዱን ሙሉ የተናገረው ሞተሩ ብቻ ነበር። መርማሪዋ ትርሐስ የምትባል፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ለካች። አሁንም ወደቀች።

«ነገ እኩለ ቀን ድረስ ነው ጊዜያችሁ» አለች። ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት ግን ጋሽ አምዴን አየችው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መኪናዋን የሠራው ሌላ መካኒክ ቢሆን፣ እርስዎ ዘንድ የመጣችውም ዛሬ ገና ቢሆን፣ ከየት ይጀምሩ ነበር?»

«ከአየሩ» አለ ሳያመነታ። «ጥቁር ጭስ የትንፋሽ እጥረት ነው። ይህማ ይታወቃል።»

«ታዲያ አየሩን አዩት?»

«ልጄ፣ እኔን?» አለ ፈገግ ብሎ። ኮፈኑን አነሳ፣ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ከፈተ፣ ፊልትሮውን አውጥቶ እጇ ላይ አኖረው። ነጭ ነው። «ስምንት ወር ሠርቷል። ትናንት የተገዛ አይመስልም?»

ትርሐስ ፊልትሮውን እያገላበጠች አየችው። ወደ ድንበሩ ዞረች። «በየት በየት ነው የምትሄዱት?»

«ከአስፋልት ውጪ ነው ሥራችን» አለ ድንበሩ። «ቀብር ደግሞ ገጠር ድረስ ይወስደናል። አቧራውን ለቀስተኛው ይንገርሽ።»

«ስምንት ወር አቧራ ውስጥ ኖሮ እንዲህ የነጣ ፊልትሮ አይቼ አላውቅም» አለች። «ጋሼ፣ ከእሱ በፊት አቧራውን የሚውጥለት ማነው?»

ጋሽ አምዴ ዓይኑን ወደ ፊት ጎማው ጣለ። ከጎማው በላይ ካለው ጭቃ መከላከያ፣ ከፓራፋንጎው ሥር፣ ዓይን በማይደርስበት፣ አየር ከውጭ ወደ ፊልትሮው የሚገባበት አፍ አለ። ያንን አፍ ደግሞ ከእሱ በቀር የነካው ሰው የለም።

ነገሩ ስድስት ዓመት ይሆነዋል። ዕድሩ ሩቅ ገጠር ለቀብር ሄዶ ሳለ፣ ዱቄት የመሰለ አቧራ ፊልትሮውን ደፍኖ ሞተሩን መንገድ ላይ አጠፋው። አስከሬኑ መኪናው ላይ ነው፣ ፀሐዩ ይፋጃል፣ ሰዉ ተጨንቋል። ጋሽ አምዴ ያኔ ፊልትሮውን አራገፈና ከመግነዙ የተረፈ የአቡጀዲ ቁራጭ ለምኖ፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ አየር መግቢያው አፍ ላይ በሽቦ አሰረው። «ለጊዜው ነው» አለ። ሞተሩ ተነሳ። ቀብሩ በሰዓቱ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፤ በቀጣዩ ጉባኤ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበለት። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ፊልትሮ ለወጠ፣ ስንት ጊዜ ሳጥኑን ጠረገ። ያችን ጨርቅ ግን አልነካትም። የተመረቀ ሥራ ማን ይፈታል? ለጊዜው የተባለው ነገር ጭብጨባ ሲያገኝ የዘላለም ሆነ።

ቅዳሜ ማለዳ ጋራዡን ሳይከፍት፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ብቻውን የፒክአፗን ኮፈን ከፈተ። መጀመሪያ ጨርቋን አልፈለገም። ከፊልትሮው ሳጥን ጋር የሚገናኘውን የጎማ ቱቦ ነቀለና ሞተሩ አየሩን በቀጥታ ከግቢው እንዲስብ አደረገ። እንዲህ ሲሆን ጭሱ ካልጠፋ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከጠፋ እዚያው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲጠፋለት ይጸልይ ነበር። ጋሽ አምዴ ግን ቁልፉን ሲያዞር በልቡ የለመነው እንዳይጠፋ ነበር።

የነዳጅ ፔዳሉ ላይ ድንጋይ ጫነ። ሞተሩ አገሣ። ወደ ኋላ ሄዶ ጭስ ማውጫውን አየ። ምንም የለም። መዳፉን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠጋ፤ ሙቀት ብቻ ነው የነካው።

ጎማውን አውልቆ፣ የፓራፋንጎውን ሽፋን ፈትቶ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ። ጣቱ ሽቦውን አገኘው፤ ያኔ የጠመዘዘው እጁ ነውና ወዴት እንደሚፈታ ያውቃል። የወጣው ነገር ጨርቅ አይመስልም። የስድስት ክረምት እርጥበትና የስድስት በጋ አቧራ ተጋግሮበት እንደ ሸክላ ስባሪ ደርቋል። ሞተሩ የሚተነፍሰው በጎኑ በተቀደደች፣ ጣት በማታስገባ ሽንቁር ነበር።

የጋራዡ ብረት ማጋያ ምድጃ ቅርብ ነው። አንድ ውርወራ ነበር የሚቀረው። አልወረወረውም፤ በጋዜጣ ጠቀለለው።

ድንበሩ ሊነዳ ሲመጣ ሞተሩን ሰማና ፊቱ ተለወጠ። «ድምጿ ተመለሰ» አለ። «ምን ነበር ጋሼ?»

«ትንሽ ነገር ናት።»

 ምርመራው ላይ ትርሐስ ለካች፣ ቁጥሩን አየች፣ ወረቀቱን ፈረመች። «አገኙት ማለት ነው» አለች።

«አገኘሁት።»

«ማን ነበር ታዲያ?»

ጋሽ አምዴ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

እሑድ ጉባኤው በዕድሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። የመኪናዋ ቁልፍ ዳኛው ፊት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አቶ ቀፀላ ተነስተው ፒክአፗ ምርመራውን ማለፏን አበሰሩ። «አምደወርቅን ያቆይልን» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ጋሽ አምዴ የተጠቀለለውን ጋዜጣ ጉልበቱ ላይ ይዞ ወለሉን ያያል።

«አሁን ወደ ሾፌሩ እንምጣ» አሉ ዳኛው። «ጭሱ የጠፋው መቼ ነው? እንደሚባረር ከሰማ በኋላ ነው። ፈራና ተወ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እኔ አላውቅም። ድንበሩ፣ የምትለው አለ?»

ድንበሩ ከኋላ ረድፍ ተነሳ። «ያልኩትን ብያለሁ» አለ። 

ጋሽ አምዴ ቆመ። ሌሊቱን ሲያውጠነጥነው ያደረ አንድ መላ ነበረው፤ ሾፌሩንም የሚያድን፣ እሱንም የማያጋልጥ። «ዳኛ፣ ነዳጁ አይደለም» አለ። «አየር መሳቢያው ውስጥ ጨርቅ ተገኝቷል። ያንን አወጣሁ፣ ጭሱ ጠፋ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አቶ ቀፀላ ወዲያው ወደ ድንበሩ ዞሩ። «ጨርቅ? መኪናዋን የሚወለውለው ማነው? ጨርቅ ከእጁ የማይለየው ማነው? ስርቆቱ ቢቀር ግዴለሽነቱ አልቀረም ማለት ነዋ።»

አንዲት ሴት ከመሀል «ስድስት ሰው ቀብረን ስንታፈን የኖርነው በእሱ መወልወያ ነው?» አለች።

ድንበሩ ጋሽ አምዴን ብቻ አየ። የቁጣ አስተያየት አይደለም። ከአንድ ሰው አንድ ቃል ሲጠብቅ ሰንብቶ፣ መጠበቁን ሊተው የቀረበ ሰው አስተያየት ነው። ጋሽ አምዴ ያን ጊዜ ገባው፤ ባለቤት የሌለው ጥፋት ሜዳ ላይ አይቀርም፣ ደካማው ትከሻ ላይ ሄዶ ያርፋል።

ጋዜጣውን ፈታና የደረቀውን ነገር ከቁልፉ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይቺ መወልወያ አይደለችም» አለ። «አቡጀዲ ናት። ያሰርኳት እኔ ነኝ። ገጠር ቀብር ሄደን ሞተሩ የጠፋ ቀን።»

ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ያኔ የመረቅንህ?»

«ያኔ የመረቃችሁኝ።»

 እዚህ ላይ ቢቀመጥ ይበቃው ነበር። ስህተት በማንም ይደርሳል፣ ሰዉም ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር። እሱ ግን አልተቀመጠም።

«ይህንንስ ረስቼው ነው፤ ትንሹ ጥፋቴ ነው» አለ። «ትልቁ ሌላ ነው። ድንበሩ ነዳጁን በጠርሙስ አምጥቶ አሳይቶኛል። ንጹህ ነበር። የተቃጠለ ዘይት ቢኖርበት ጭሷ ወደ ሰማያዊ ይሄድ ነበር፤ ጥቁር አትሆንም። ይህንን አውቃለሁ። እያወቅሁ ዝም አልኩ። አቃተው እንዳትሉኝ ብዬ ሰው አስበላሁ።»

አቶ ቀፀላ ቀስ ብለው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ድንበሩ» አሉ፤ «አምዴ ቃሉን ጣለው፣ አንስቼ የወረወርኩብህ ግን እኔ ነኝ። በዕድሩ ፊት ይቅርታህን እለምናለሁ።» ጋሽ አምዴም ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

ድንበሩ በወንበሮቹ መሀል ወደ ፊት መጣ። ሰዉ ሁሉ ተቃቅፈው የሚያለቅሱ መስሎት ይጠብቃል።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ይቅር ማለቱ አይቀርም፣ የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን። ግን ቀን ስጡኝ። ልጄ ጓደኞቿ ምን እንዳሏት እናንተ አልሰማችሁም፣ እኔ ነኝ የሰማሁት።» ከዚያ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወጣ። ወዲያው ውጭ ሞተሩ ሲነሳ ተሰማ። ጋሽ አምዴ የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ቆሞ አዳመጠ፤ አዳራሹም አብሮት።

ወዳጆቼ፣ የተሳሳትንበትን ቦታ አንረሳውም። ብንረሳውም ሰው አያስረሳንም፤ ስለዚህ ደጋግመን እንፈትሸዋለን። የተመሰገንንበትን ቦታ ግን ማን ፈትሾት ያውቃል? ትናንት ያዳነን መላ ዛሬ ሊያፍነን እንደሚችል የማናየው፣ ጭብጨባው ገና ጆሯችን ውስጥ ስለሆነ ነው። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፤ ራሳችንን አንፈትሽም ስንል ጥፋቱ ጠፍቶ አይቀርም። ሌላ ሰው ፈልጎ ይይዛል።

እስቲ እናንተም አስቡት። በቤታችሁ ወይም በሥራችሁ አንድ ነገር ባጨሰ ቁጥር፣ «ይህንንስ ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ደህና ነው» ብላችሁ ሳትከፍቱ የምታልፉት የትኛውን ነው? እናንተ ባለመክፈታችሁስ ዛሬ ጥፋተኛ ተብሎ የቆመው ማነው?